የናሆም እግር

ከሥራ ስሰናበት ቶብ አለበሱኝ። የሱዳን ሴት የምትጠቀለልበት ረጅም ጨርቅ ነው፤ የኔው ሐምራዊ ነበር። ቱነይድባ ካምፕ ያለው የጤና ጣቢያችን በራፍ ላይ ወንበር ተደርድሮ፣ ለስላሳ ተከፍቶ፣ በቅርቡ የመጣው ወጣት አለቃ ተነስቶ ስለ እኔ ንግግር አደረገ። "ስንቱን ልጅ ከተኛበት አስነስታ ቁጭ አድርጋለች! የእናቶች እናት ናት!" አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር፤ ትሑት ናት ብለው ነው መሰለኝ ጭብጨባው በረታ። ትሕትና አልነበረም። ከወንበሮቹ ኋላ ለታይ የምትባለው እናት ልጇን ናሆምን አዝላ ቆማ ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብላ ታጨበጭብልኝ ስለነበር አፍሬ ነው።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ቶቡን አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። እስከ ዛሬ አልለበስኩትም። ለምን እንደማልለብሰው ለመናገር ደግሞ ሥራውን ከጀመርኩበት መነሳት አለብኝ።

ሙሉ እባላለሁ። የመተማ ቆላ ልጅ ነኝ። ገዳሪፍ የመጣሁት ለሰሊጥ ነው፤ አጫጆቹ ያጭዳሉ፣ እኔ ወጥ እሠራላቸዋለሁ። ያኔ የኛ አገር ሰው ዝናቡ ሲያባራ በጭነት መኪና ታጭቆ ይሻገርና ሰሊጡ ሲያልቅ ይመለስ ነበር። እኔ አንዱን ዓመት ወባ ጣለኝና ጓደኞቼ ትተውኝ ሄዱ። ሲሻለኝ ገዳሪፍ ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ተቀጠርኩ፤ አረብኛውንም እዚያው ለመድኩ። ደመወዙ ከሳሙናው ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

እዚያ ነው ኡስታዝ ኢድሪስን ያገኘሁት። ሱዳናዊ ነው፤ እጅና እግራቸው አልታዘዝ ያላቸውን ልጆች የሚያሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጃላቢያው ሁሌ ከተረከዙ ከፍ ያለ። አንድ ቀን አንዲት የጎንደር ሴት ልጅ ታቅፋ መጣች። እሷ አረብኛ አትሰማ፣ እሱ አማርኛ አይሰማ፤ ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር የሚግባቡ ይመስል ይጯጯሃሉ። እኔ ወለሉን እየወለወልኩ ሳቅኩ። "አንቺ ሙሉ፣ መጥረጊያውን አስቀምጪና ነይ" አለኝ። መጥረጊያውን እንዳስቀመጥኩ ቀረሁ።

አስተርጓሚ ብቻ ሆኜ ልቀር እችል ነበር። ነገር ግን ኡስታዝ ወንድ ነውና የሴት እጅ አይነካም። እንቅስቃሴውን በጨርቅ አሻንጉሊት ላይ ለኔ ያሳየኛል፤ እኔ ደግሞ እጄን በእናትየዋ እጅ ላይ አድርጌ በልጁ ገላ ላይ አሳያታለሁ። በዚህ ሁኔታ ሥራው እጄ ገባ። ጭኑና ጭኑ እንደ መቀስ የተጣመረ ልጅ ሲመጣ እግሩን ይዞ መጎተት የለም፤ ከጎተትከው ይብስበታል። መጀመሪያ ጉልበቱን ታጥፋለህ፣ ዳሌውን ቀስ ብለህ ወዲህና ወዲያ ታንከባልላለህ፣ ትጠብቃለህ። ገላው ራሱ የሚለቅበት ጊዜ አለው። ሲለቅ መዳፍህ ላይ ይሰማሃል፣ ያኔ ትከፍተዋለህ። ስታበላውም አስተኝተህ አይደለም፤ አስቀምጠህ፣ አገጩን ትንሽ ዝቅ አድርገህ፣ ማንኪያውን ከታች በኩል አምጥተህ።

ኡስታዝ የማይተዋቸው ልማዶች ነበሩት። እጁን ሳያሻሽና ሳያሞቅ ልጅ አይነካም። ከእናትየዋ በፊት ልጁን ነው ሰላም የሚለው፤ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። አንዳንዱ ልጅ ክንዱን አንስቶ እዚያ እስኪያደርስ ሻይ ይቀዘቅዛል፤ ጣቱ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ይመለሳል። እናትየዋ አፍራ የልጁን እጅ ይዛ ልታቀብለው ስትል "ኸሊሁ" ይላታል፤ ተይው ማለት ነው። ሌላው ልማዱ፣ ሱዳናዊ ሆኖ የማይታመን፣ ኢንሻ አላህ አለማለቱ ነው። ለዝናብ ይላል፣ ለመንገድ ይላል። እንደማይሆን ለሚያውቀው ነገር ግን አንድም ቀን ሲል አልሰማሁትም። ለምን ብዬ ብጠይቀው "አላህን የኔ ፍርሃት መሸፈኛ አላደርገውም" አለኝ። ያኔ ጥሩ አነጋገር ነው ብዬ ከማድነቅ በቀር ወደ ራሴ አላመጣሁትም።

ከገዳሪፍ ወደ ፋው ተላክን። የራሃድ መስኖ ያለበት ነው፤ የኛ አገር ሴቶች በየእርሻው ይሠራሉ። እዚያ አንዲት የጎንደር እናት፣ አንገቷን መሸከም የማትችል ሴት ልጅ የነበረቻት፣ የነገረችኝን አልረሳውም። "አገሬ ብሆን ይቺን ልጅ ጓዳ ነበር የማሳድጋት። እዚህ ግን ዘሬን የሚያውቅ የለ፣ የማን ኃጢአት ነው የሚል የለ። አውጥቼ ደጅ አስቀምጣታለሁ" አለችኝ። ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እዚያ ግን እናቴ ነበረች። አንድ ቀን ትይዝልኝ፣ ተኝቼ አድር ነበር።" የሱዳን ጎረቤቶቿ ዓርብ ዓርብ ለልጅቷ ከራማ፣ ማለት ምጽዋት፣ ቴምርና ብስኩት ሲያመጡ ለማኝ ያደረጓት መስሏት መልሳ ወርውራባቸው ነበር። ለነሱ እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት በረከት ያለበት ቤት መሆኑን ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ዓርብ ሲመጣ ልጅቷን ፀጉሯን ሠርታ ትጠብቃቸው ጀመር። ያን ጊዜ የሁለቱንም አገር ልማድ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ መኩራት ጀመርኩ። ኩራቴ ነው በኋላ ጉድ የሠራኝ።

የትግራይ ሰዎች ጦርነቱን ሸሽተው የድንበሩን ወንዝ ሲሻገሩና ቱነይድባ ካምፕ ሲከፈት ኡስታዝና እኔ ወደዚያ ተመደብን። አለቆቻችን በየጊዜው ይቀያየሩ ነበር፤ አንዱ የሠራውን ቅጽ ሌላው ይጥለዋል። ከእናቶቹ አማርኛዬን ሲሰሙ ፊታቸው የሚጠቁር ነበሩ። አልፈርድባቸውም። ለታይ ግን ሁመራ ገበያ ውስጥ ስትነግድ የኖረች ስለሆነች አማርኛዋ ከኔ ይፈጥን ነበር፤ ገና በመጀመሪያው ቀን "እትዬ ሙሉ" አለችኝ።

ለታይ ያኔ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ሲሸሹ ባሏ ኪሮስ "እናንተ ሂዱ፣ እኔ እናቴን ይዤ እደርሳለሁ" ብሎ ተመልሶ በዚያው ጠፍቷል። ወንዙን የተሻገረችው ናሆምን በጀርባዋ አዝላ ነው። አራት ዓመቱ ነበር፤ አይቀመጥም፣ አይቆምም፣ እግሩ የተጣመረ፣ ዓይኑ ግን የሰው ወሬ አንዲት ሳታመልጠው የሚከታተል። እናቱ ስትቀልድ ከሁላችንም ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበር። እናት የላት፣ እህት የላት፣ ባል የላት፤ እሷና እሱ በአንድ ድንኳን።

ኡስታዝ ናሆምን መርምሮ ሲጨርስ ወደኔ ዞረ። "ሲወለድ አንጎሉ ላይ ጉዳት ደርሷል። የሚነገረውን ሁሉ ይረዳል። ከሠራን ይቀመጣል፣ ጥቂትም ይናገራል። መሄድ ግን አይሄድም። ንገሪያት።"

አገራችን ላይ እንዲህ ያለ ወሬ እንዴት እንደሚነገር የኛ ሰው ያውቃል። መርዶ ለብቻ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሌሊቱን ተኝታ ትደር ተብሎ ማለዳ ይኬዳል፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ጎኗ መኖር አለበት። ይቺ ሴት ማን አላት? ሲመሽ ከዚህ ወሬ ጋር ብቻዋን እንዴት ትደር? በኋላ ዘመድ ሲገኝላት፣ ስትረጋጋ እነግራታለሁ ብዬ ለራሴ ወሰንኩ። አፌ ግን ዝም አላለም። "ቀስ እያለ ይሻለዋል ለታይ፤ እግሩም ይጠናል፣ ይሄዳል። አንቺ ብቻ በርቺ" አልኳት።

ፊቷ በራ። ኡስታዝ አየኝ። "ነገርሻት?" አለኝ።

"ነገርኳት" አልኩት።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው እነግራታለሁ እያልኩ አሳለፍኩት። ለናሆም ወንበር ሠራንለት። እንጨት ውድ ስለሆነ ወንበሩን ከእርዳታ ካርቶን ነው የምንሠራው፤ ካርቶን በካርቶን ላይ በዱቄት ሙጫ እየለጠፍን፣ ፀሐይ ላይ እያደረቅን፣ እንደ እንጨት እስኪጠነክር። ሰው ሲራብ ዱቄት ለሙጫ መዋሉ እናቶቹን ያበሳጫቸው ነበር፤ "እንብላው እንጂ!" ይሉናል፣ እውነትም አላቸው። መቀመጫው መሃል ላይ ጭኖቹ እንዳይጣመሩ የሚለያይ ጉብታ እናወጣለታለን። ለናሆም የሠራነው ወንበር ካወጣናቸው ሁሉ ያማረ ነበር። በሳምንቱ ድንኳኗ ስሄድ ለታይ ጀሪካን አስቀምጣበታለች።

"ምነው?" አልኳት።

"ወንበር እኮ ለማይቆም ነው እትዬ" አለችኝ እየሳቀች። "ናሆም ሊቆም ነው። ነይ ላሳይሽ!"

ድንኳኑ መሃል ባለው ምሰሶ ላይ ናሆምን በነጠላ ከብብቱ ሥር አስራ አቁማዋለች። በእግሩ ጣቶች ቆሟል፤ ጭኖቹ ተጣምረዋል፤ ላብ በግንባሩ ይወርዳል። እናቱ ስለሳቀች እሱም ይስቃል። "ጠዋት ማታ አቆመዋለሁ። አንቺ ይሄዳል ካልሽ እኔ ምን ቤት ነኝ ቁጭ የማደርገው?" አለች።

እንደሚጎዳው አውቅ ነበር። እግሩ እንዲህ ተጣምሮ ክብደት ሲያርፍበት የጭኑ አጥንት ከዳሌው ጉድጓድ ወደ ውጭ እየተገፋ ይሄዳል። ኡስታዝ በአሻንጉሊቱ ላይ ስንት ጊዜ አሳይቶኛል። ነገር ግን ተዪው ብላት ለምን ትለኛለች፤ ለምን ካለችኝ ሁሉንም ልነግራት ነው። ደስታዋ ደግሞ ዓይኔ ላይ ነበር። "ብዙ አታቁሚው፣ ይደክመዋል" አልኳት፤ ከዚያ ውጪ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ሻይ አፈላችልኝ፣ ጠጥቼ ሄድኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ዝናቡ ገባ። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ሲርስ መኪና ይውጣል እንጂ አያሳልፍም፤ እኛ ከምናድርበት ከገዳሪፍ ከተማ መውጣት አቅቶን ከረምን። መንገዱ ሲደርቅ ስንመለስ ናሆም ጭኑን ስንነካው ይጮህ ነበር። ኡስታዝ በጀርባው አስተኛውና ሁለቱን ጉልበቶቹን አጥፎ እግሮቹን ጎን ለጎን አቆማቸው። ራሱን ዝቅ አድርጎ ተመለከተ። አንዱ ጉልበት ከሌላው ዝቅ ብሏል። የግራ ጭኑ አጥንት ወልቋል ማለት ነው። "ቤት ውስጥ ምን ታደርገዋለች?" ብሎ ጠየቀ። ለታይ ያለ ምንም ክፋት ስለ ምሰሶው ነገረችው፤ እኔ ተረጎምኩ።

ኡስታዝ ወደ ውጭ ይዞኝ ወጣ። ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ አልጮኸም። "ዛሬ ንገሪያት" አለኝ።

"ብቻዋን ናት ኡስታዝ። በኛ እንዲህ አይደረግም" አልኩ። ሽማግሌ ይዤ፣ ማለዳ ሄጄ፣ በወጉ ልንገራት ብዬ ለመንኩት።

"ወገኖችሽን አንቺ ነሽ የምታውቂያቸው" አለ። "ከነገ ግን አይለፍ።"

እዚያው ካምፑ ውስጥ አደርኩ። የአገሯን ቄስና ሁለት ትልልቅ ሴቶች ለምኜ፣ ነገሩን ነግሬያቸው፣ ጎህ ሲቀድ አብረን ሄድን። ሴቶቹ ክፉ ወሬ ለመንገር ሲኬድ እንደሚደረገው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። አይቻቸዋለሁ፤ ደግ አደረጉ ብዬ ነው ያለፍኩት። በካምፑ ውስጥ የጠፋ ባል፣ የጠፋ ወንድም የሌለው ቤት እንደሌለ፣ ማለዳ ከቄስ ጋር የሚመጣ ሰው ለነዚያ ሁሉ አንድ ትርጉም ብቻ እንዳለው፣ እኔ ልማድ አዋቂዋ አላሰብኩትም።

ለታይ የድንኳኑን ጨርቅ ገልጣ ወጣች። ነጠላቸውን አየች። ቄሱን አየች። እኔን አየች።

"እዋይ ኪሮስ!" ብላ መሬት ላይ ተዘረረች።

ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ለቅሶው ከድንኳን ወደ ድንኳን ተቀጣጠለ፤ ሁሉም የራሱን ሰው ስም ይጠራል። "አይደለም! ኪሮስ አይደለም!" እያልኩ ብጮህ ማን ይስማኝ። ድንኳኑ ውስጥ ናሆም ከተኛበት ተንከባሎ በደረቱ ወድቆ ሲያለቅስ አገኘሁት፤ አቅፌ ይዤው ወጣሁ። ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው በብዙ ልመና ሰዉን ዝም አሰኙት።

"ልጄ፣ ስለ ባልሽ የመጣ ወሬ የለም። እኛ የመጣነው ስለ ልጅሽ ነው" አሏት።

"ናሆም ምን ሆነ?" ብላ ብድግ አለች፤ አፈር ፀጉሯ ላይ ነበር።

"እግሩ... አይሄድም ልጄ። ሐኪሙ እንዲያ ብሏል።"

ለታይ እያንዳንዳችንን አንድ በአንድ አየችን። "ለዚህ ነው?" አለች። "ለዚህ ነው የገደላችሁኝ? ይሄንንማ ሁመራ ሐኪም ነግሮኛል። ዓመት ሙሉ አልቅሼ ጨርሼው ነበር። ከጀርባዬ ውጪ የሚሄድበት እግር እንደሌለው አውቄ ነው ወንዙን የተሻገርኩት።" ከዚያ ወደኔ ዞረች። "አንቺ ነሽ ይሄዳል ያልሽኝ። እዚህ ሱዳን አገር እኛ ዘንድ የሌለ ሕክምና አለ ብዬ አመንኩሽ።"

ናሆምን ከእጄ ወሰደችው። ጭኑን ስትይዘው ሲያቃስት ፊቷ ተለወጠ። "ይሄ ሕመሙስ? ያሰርኩት ነው?" ብላ ጠየቀች።

"የእግዜር ሥራ ነው ልጄ፣ የሰው አይደለም" አሉ ቄሱ። የዋህ ሰው ናቸው፤ ሊያጽናኗት ነው። ሁለቱ ሴቶችም "ይሁን፣ ይሁን" አሉ። ለታይ ግን እኔን ነበር የምታየው። እኔም አጽናኝ መስዬ አንገቴን ነቀነቅሁ፤ እግዜር የኔን ጥፋት ተሸከመልኝ።

ሌላ ሰው ብትሆን ዳግመኛ አታየኝም ነበር። ለታይ በሳምንቱ ራሷ መጣች፤ ጀሪካኑን ከወንበሩ ላይ አውርዳ ናሆምን አስቀምጣበት፣ "አስተምሪኝ፣ አሁን እውነቱን" አለችኝ። አስተማርኳት። ዳሌውን ግን ልንመልሰው አልቻልንም። ኡስታዝ ካርቱም ልኮ ቀዶ ሕክምና ሊያስደርግለት ሲጽፍ፣ ወረቀቱ ሲመላለስ፣ ካርቱም ራሷ ጦርነት ውስጥ ገባች። ናሆም ቁጭ ማለት ቻለ፣ ጥቂት ቃላትም ተናገረ፤ ግራው ግን በብርድና በመንገድ ያመዋል። እናቱ መንገድ ዳር ራኩባ፣ የሣር ዳስ፣ ሠርታ ሻይ መሸጥ ጀመረች። አረብኛውን ከደንበኞቿ ለቀመችው። ከኪሮስ እስከ ዛሬ ወሬ የለም። ኡስታዝ አርጅቶ ኒው ሀልፋ ልጆቹ ዘንድ ገባ።

ለታይ ከዚያም አልፋ ለአዳዲስ እናቶች አስተማሪ ሆነች። ማክሰኞ ማክሰኞ ጣቢያችን ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላቸው ሱዳናውያን እናቶችም ይመጣሉ። ለታይ በአማርኛና በትግርኛ ትናገራለች፣ እኔ ለሱዳኖቹ ወደ አረብኛ እተረጉማለሁ። ሁሌም የምትጀምረው በራሷ ነው። "እኔ ልጄን ቆሞ ይሂድ ብዬ ከምሰሶ አሰርኩት። ዳሌውን ያወለቅሁት በነዚህ እጆቼ ነው። እናንተ እንዳታደርጉት" ትላለች፤ እጆቿን ታሳያቸዋለች። ይህን ዓመታት ስተረጉም ኖሬያለሁ።

ከተሰናበትኩ በኋላ ምትክ እስኪመጣ ለአንድ ማክሰኞ ብቻ ለምነውኝ ሄድኩ። ለታይ እንደ ልማዷ ስለ ምሰሶው ተናገረች። አንዲት የካርቱም እናት ሕፃኗን ታቅፋ በአረብኛ "ሠራተኞቹ አላዩሽም ነበር? ማንም አልነገረሽም?" ብላ ጠየቀች። ለታይ እኔን ሳትጠብቅ በአረብኛ መለሰችላት። "ሙሉ አይታኛለች። እሷም አላወቀችም። ብታውቅ ኖሮ ታስቆመኝ ነበር።"

ከዚያ "አውቅ ነበር" አልኩ በአረብኛ። "እንደሚጎዳው አውቅ ነበር። ዝም አልኩ።"

ለታይ ወደኔ ዞራ በአማርኛ ተናገረች። "ስንት ዓመት ራኩባዬ ቁጭ ብለሽ ሻይ ጠጥተሻል፣ እኔና አንቺ ብቻችንን። ዛሬ በሰው ፊት ነው የምትነግሪኝ?" አለችና ተነስታ ሄደች።

እውነቱን ስናገር ጀግንነት የሠራሁ መስሎኝ ነበር። መርዶ በሰው መሃል የሚነገረው ለሰሚው ብለን ነው እንላለን። እኔ ግን ሁለቱንም ጊዜ ሰው መሃል የገባሁት ለራሴ ነው፤ ብቻዋን ዓይኗን ማየት ስለፈራሁ።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ብቻዬን ሄድኩ። ናሆም ወንበሩ ላይ መንገዱን እያየ ተቀምጧል፤ ዘጠኝ ዓመቱን አልፏል፣ ወንበሩን በቁመቱ ልክ ሦስት ጊዜ ቀይረንለታል። ለታይ ሰላምታዬን አልመለሰችም። ደንበኞቿን ሁሉ አስተናግዳ እስኪሄዱ አስቆየችኝ። ከዚያ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። "በይ፣ አሁን ንገሪኝ" አለች። ምን አይቼ፣ ምን አውቄ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ ነገርኳት። ያኔ ባስቆማት አጥንቱ ላይወልቅ ይችል እንደነበረም ነገርኳት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። አለቀሰች፤ ግን ማንም እንዲይዛት አልፈለገችም።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ። "ለኔ ጨርሰሻል። አሁን ለሱ ንገሪው" አለች። "እግሩ የሱ ነው።" ማንቆርቆሪያዋን አንስታ ውኃ ልትቀዳ ሄደች።

በርጩማዬን ስቤ ናሆም ፊት ተቀመጥኩ። በቀላል ቃል ነገርኩት፤ እናትህ ታቆምህ የነበረው እኔ ይሄዳል ስላልኳት ነው፣ እግርህን እንደሚጎዳው እያወቅሁ ዝም አልኩ፣ ሕመምህ ከዚያ ነው አልኩት። ዓይኑን ከፊቴ አልነቀለም። ቃል ሲያወጣ አገጩ ይንቀጠቀጣል፣ ጊዜ ይወስድበታል።

"ባታቆመኝ... እሄድ ነበር?" አለኝ።

"አይ ናሆም" አልኩት። "አትሄድም ነበር። ወደፊትም አትሄድም።"

ወደ መንገዱ ዞረ። አንድ አህያ ጋሪ ውኃ ጭኖ አለፈ። እስኪርቅ ድረስ ተከተለው። ከዚያ ወደኔ ተመለሰ።

"ማንም..." አለ፤ ትንፋሹን ሰበሰበ። "ማንም... አልነገረኝም።"

ዓመታት ሙሉ ሳፍር የኖርኩት ለታይን ነበር። እሱን ማፈር እንዳለብኝ እስከዚያች ቀን አስቤው አላውቅም።